የውሰት ጣት

ሆኮሳኒ፣ ሐይቁ ዳር
ማርች 9 ቀን 2003

ለእትዬ ሳቢና፣
አሳፓ ሸለቆ፣ አሪካ፣ ቺሊ

ይህች ወረቀት ከወይራው ሥር በጤና ታግኝሽ። የካንደላርያዋ እመቤት ጥላ ትሁንሽ፤ እናት ምድርም የረገጥሽውን ሁሉ ታለስልስልሽ። እኛን ከጠየቅሽ ዝናቡ ሊወጣ ነው፣ ድንቹ ዘንድሮ አላሳፈረንም፣ ሁለት በጎች ወልደዋል። ደህና ነን።

አሁን የያዝሽውን አስቀምጪ፣ ተቀመጪና አንብቢ። ልጅሽ ዙልማ አርግዛለች። አራተኛ ወሯን ይዛለች። በስድስት ዓመቷ አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ ልጅ ይኸው አያት ልታደርግሽ ነው። ባሏ ሬኔ ወርቅ ቁፋሮው ላይ ነው ያለው፤ ወሬውን ሲሰማ በደስታ ጠጥቶ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ አደረ ብለው ነገሩን። አሁን በአንድ ጫማ ወርቅ ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለ ጤናዋ ምንም አታስቢ። እስካሁን አልጻፍኩልሽም እንጂ የመንደሩ የጤና አስተባባሪ ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰማያዊ ጋዋን ለብሼ፣ መዝገብ ይዤ፣ እርጉዞችን ቤት ለቤት የምቆጥረው እኔ ነኝ። በጤና ኬላው ሲስተር ኢቬት የምትባል ከባሕሩ ጠረፍ የመጣች ወጣት ነርስ አለችን። የዙልማ ደም ተለክቷል፤ አሥራ አምስት ነው። እኛ አገር ከፍታ ላይ እርጉዝ ሴት አሥራ አራት ከሞላች ደህና ናት ይባላል፤ የኛዋ ተርፏት አሥራ አምስት። ሲስተር "ይሄ የበሬ ደም ነው" ብላለች።

ምኞቷ ብቻ ነው ያሳቀን። ድንች የምናጠቅስበትን ነጭ ጭቃ፣ ቻቆውን፣ ድንቹን ትታ ባዶውን ትልሰዋለች። ሲያልቅባት የግድግዳውን ልስን በጥፍሯ ትፈቀፍቃለች። ልጆቼ "እማዬ፣ ዙልማ ቤቱን ሳትጨርሰው አዲስ እንሥራ" ይሉኛል።

ቀይ የሱፍ ክር ላኪልኝ፤ ለወገቧ መቀነት እሸምንላታለሁ። የዚህ ገበያ ቀይ አንዴ ሲታጠብ ሮዝ ይሆናል። በዶን ኤሌውቴሪዮ አውቶቡስ ላኪው። እሱ ይዘገያል እንጂ አይሰርቅም።

ታናሽሽ ፕላሲዳ


አሳፓ
አፕሪል 13 ቀን 2003

ለእህቴ ለፕላሲዳ፣

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው። ቤትሽን ከውርጭ፣ በጎችሽን ከቀበሮ ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወይራ መልቀም ጀምረናል። ደብዳቤሽን ያነበብኩት መሰላል ላይ ቆሜ ነው፤ ተቀመጪ የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኔ ቀድሞ የሚቀጥለውን አይቶት ነበር። ወርጄ አለቀስኩ። አለቃችን "ምን ሆነሽ ነው?" ቢለኝ "አያት ሆኜ" አልኩት። "ታዲያ አያት መሰላል ላይ ምን ትሠራለች?" ብሎ አሳቀኝ።

ጭቃ መላሷ ግን አላሳቀኝም። አንቺ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለነበርሽ ላታስታውሺው ትችያለሽ። እናታችን ያንን የመጨረሻ እርግዝናዋን ስትሸከም የምድጃውን ጠርዝ ፈርፍራ ነው የጨረሰችው። ስትወልድ ደም አልቆም አላት፣ ከተማ ሆስፒታል ወሰድናት፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂያለሽ። ያን የደም ጠርሙስ በዓይኔ አይቻለሁ። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ አሁን አላስነሳውም።

እዚህ ለቃሚዎችን የምታይ ነርስ አለች። ስለ ዙልማ ነገርኳት። "አፈር ያማራት እርጉዝ ደም ያነሳት ናት" አለችኝ። "ብርቅ አይደለም፤ በየአገሩ ብትሄጂ ከአምስት እርጉዝ ሁለቷ እንዲሁ ናቸው፣ ድሃ አገር ደግሞ ይብሳል። ብቻ ካልታወቀ ነው የሚገድለው።" ተለክቷል፣ አሥራ አምስት ነው ስላት ቅንድቧን ሰቀለች። "አሥራ አምስት ያላት ሴት ግድግዳ ስትልስ እኔ አላየሁም" አለችኝና መርፌዋን ሰብስባ ሄደች።

ለመሆኑ ዙልማ ጣቷን እንዴት እሺ ብላ ሰጠች? ልጄን አውቃታለሁ። መርፌ ካየች ሐይቁን በዋና የምታቋርጥ ልጅ ነበረች።

የዓይኗን ቆብ ገልብጠሽ ውስጡን እዪና ቀለሙን ጻፊልኝ። ቀይ ከሆነ እንቅልፍ ይወስደኛል። እሷም በገዛ እጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። ክሩን ልኬያለሁ። ለዙልማ የደረቀ በለስ አለበት፣ ልጆችሽ እንዳይቀድሟት።

እህትሽ ሳቢና


አሳፓ
ሜይ 25 ቀን 2003

ለፕላሲዳ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ዶን ኤሌውቴሪዮ ክሩንና በለሱን በእጅሽ እንደሰጠሽ በልጆቹ ስም ምሎልኛል። እሱ ሲምል ደግሞ ልጆቹን አይጠራም ነበር፣ ስላፈጠጥኩበት ነው።

የጠየቅኩሽ ብዙ አይደለም። የዓይን ቆብ ቀለምና ሁለት መስመር ጽሑፍ። ታማችሁ ከሆነም ንገሩኝ። ሰው አገር ያለ ሰው ወሬ ሲያጣ የራሱን ወሬ ይፈጥራል፤ የምፈጥረው ደግሞ ደግ ደጉን አይደለም።

ሳቢና


ሆኮሳኒ
ጁን 15 ቀን 2003

ለእትዬ ሳቢና፣

እመቤታችን ሁለቱንም እጆችሽን ታበርታልሽ፤ ወይራው ይቅለልልሽ። መዘግየቴን ይቅር በዪኝ። ውርጩ ስለገባ ድንቹን ሜዳ ላይ አስጥተን፣ በእግራችን እየረገጥን ቹኞ ስናደርግ ሰነበትን። ወገቤ የኔ አይመስለኝም።

ዙልማ ደህና ናት። እንደገና ተለክቷል፤ አሥራ አምስት ከሁለት ነው። ከሐይቁ ውሃ ቀድታ ስትወጣ ሦስቴ ትቀመጣለች፤ ልጁ ወደ ላይ ስለገፋት ነው። ልጆቼ "የዙልማ ልብ ከደጅ ይሰማል" እያሉ ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ ይለጥፋሉ። በለሱን በልታዋለች። ልትጽፍልሽ አስባ ነበር፤ እጇ ሥራ ይዞባት ነው።

ሌላ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። መንደራችን ከአውራጃው አንደኛ ወጣ። አሥራ አራት እርጉዞች አሉን፤ ከአሥራ አራቱ አንዲትም ደም ያነሳት የለችም። በሌላው መንደር ሁሉ ግማሹ፣ አንዳንድ ቦታም ከግማሽ በላይ ናቸው። ክራባት ያሰረ ሰው ከከተማ መጥቶ ባንዲራና የምስክር ወረቀት ሰጠን፤ ስሜ በትልቅ ፊደል ተጽፎበታል። "የዚህ መንደር ምስጢር ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "የኪኖአ ገንፎና የሐይቁ ዓሣ" አልኩት። ጻፈው።

በኦገስት መጨረሻ አውራጃው ፊት ቆሜ ልምዴን እንድናገር ጠርተውኛል። እስቲ አስቢው፣ እኔ። እባክሽ ጥቁር ጫማ ላኪልኝ፤ ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት፣ ተረከዙ የማይጮህ።

ታናሽሽ ፕላሲዳ


አሳፓ
ጁን 29 ቀን 2003

ለክብርት ወይዘሮ ፕላሲዳ፣
የመንደሩ የጤና አስተባባሪ፣

ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። ባንዲራዎን እግዚአብሔር ይባርክልዎ። ጫማውን መላክ አልቻልኩም፤ እርስዎ ለሚቆሙበት መድረክ የሚሆን ጫማ አሪካ ውስጥ አይሸጥም።

ባለፈው ሳምንት የቲቡርሲዮ ልጅ ኤውዶሲያ ከሆኮሳኒ ወይራ ልትለቅም መጣችልን። አንድ ዛፍ ደረሰን። "ለእህትሽ ስትጽፊ ሰላም በዪልኝ" አለችኝ፤ "በተለይ ጣቷን።"

ምን ማለት ነው ብላት ሳቀች።

"አልሰማሽም እንዴ? ሆኮሳኒ ያላት አንድ እርጉዝ ብቻ ናት፤ እሷም ፕላሲዳ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ በሁሉ ሰው ስም ታረግዛለች።"

"እንደ ሰው ንገሪኝ" አልኳት።

"ሲስተሯ ጣት ልትወጋ ስትመጣ ሴቱ በጎቹን ነድቶ ሽቅብ ነው። ማን ደሙን ይሰጣል? የእናትሽን ነገር የማያውቅ ማን አለ? ፕላሲዳ ታዲያ በያንዳንዷ ስም የራሷን ጣት ታስወጋለች። ቀኟ ሲያልቅ በግራዋ። እኔም አምና በእሷ ጣት ነው ያረገዝኩት። አሥራ አምስት ነበርኩ።"

"ዙልማስ?"

ሳቋ ቆመ። ወይራ ወዳለበት ቅርንጫፍ ዞረች። "እሷማ የታጠበ ድንች መስላለች" አለችኝ።

አልቻልኩም። እርስዎ እያልኩ መጨረስ አልቻልኩም። አንቺ ነው የምልሽ፣ አንቺ ሌባ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል የሰማሁት ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ የልጄን ደም ጠየቅኩሽ፣ ሁለት ጊዜ የራስሽን ጻፍሽልኝ። የዓይኗን ቆብ እዪ ብልሽ የጫማ ቁጥር ላክሽልኝ። እጇ ሥራ ይዟል አልሽ። እጇ መነሳት አቅቶት ነው። ደግሞ እኮ እያየሽው ነው፤ እየሳቅሽ ነው የጻፍሽልኝ፣ ልጆችሽ ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ ሲለጥፉ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ይሄ ሁሉ ግን ካንድ ሆድ አይወጣም።

ይህ እንደደረሰሽ ከተማ ሆስፒታል ውሰጃት። የራሷ ጣት ይወጋ። ቁጥሩን ሐኪሙ በገዛ እጁ ይጻፈው፤ ያንቺን ጽሕፈት ከእንግዲህ አላምንም።

ሳቢና


ከተማ፣ ሆስፒታሉ ደጅ
ጁላይ 20 ቀን 2003

ለእትዬ ሳቢና፣

ምርቃቱን ዘልዬዋለሁ። ካንቺም አላገኘሁም፣ የኔም አሁን የሚይዝ አይመስለኝም።

ኤውዶሲያ የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም አልጨመረችም። ሲስተር ኢቬት መጀመሪያ ስትመጣ ሴቶቹ ማሽኑን አይተው "ካሪሲሪው መጣ" ብለው ሸሹ። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ስቡንና ደሙን የሚመጥጠው ጭራቅ ነው ብለው ነው። ልጅቷ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። "ባዶ ቅጽ ከላክሁ ያባርሩኛል" አለችኝ። አሳዘነችኝ። "በቃ እንኪ፣ የኔን ውጊ" አልኳት። ለአንድ ቀን ነበር። ከዚያ ሌላ ቅጽ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። በቃኝ ስል ሴቶቹ "አንቺ እያለሽልን" እያሉ ይለማመጡኛል፣ እንቁላል ያመጡልኛል። ከዚያ ባንዲራው መጣ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱንም አልደብቅሽም።

የሴቶቹን ዓይን አላየችም እንዳትይ። አይቻለሁ። ከአሥራ አራቱ የዘጠኙ ቆብ ውስጡ ነጭ ነው። የዙልማ ከሁሉም ይብሳል። አንቺ ስትጠይቂኝ አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት የኔ ነገር ነው።

ዙልማን ግን ለምኛታለሁ። "ላንቺስ ጣቴን አላውስም፣ የራስሽን ስጪ" ብዬ ጉልበቷ ላይ ወድቄያለሁ። ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ። "እናቴ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ጆሮዬ ላይ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው። ደምሽን ለማንም አትስጪ፣ አያትሽን እንዲያ አድርገው ነው የገደሏት ብላኛለች። ስድስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው" አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበላት? ጣቴን ሰጠሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰ በሦስተኛው ቀን በዶን ኤሌውቴሪዮ ጋቢና ጭኜ አመጣኋት። መንገድ ላይ ራሷን ስታ ስለነበር ሲወጓት አላወቀችም። ዘጠኝ ከአራት። ሐኪሙ ራሱ ከታች ጽፎልሻል። "እዚህ ከፍታ ላይ ዘጠኝ ማለት ባሕር ዳር ስድስት ማለት ነው" አለኝ። "እንዲህ ሆና ከወለደች ትንሽ ደም እንኳ ቢፈሳት አትመለስም። ሳትወልድ ደም ይሰጣት።" አንድ ወር ቢቀራት ነው።

እኔ እሰጣታለሁ ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጣቴን ወጉት። አሥራ አንድ ነው አሉኝ። ስህተት ነው፣ ድገሙት አልኳቸው፤ ደገሙት፣ አሥራ አንድ። "አንቺ ራስሽ ታማሚ ነሽ" አለኝ ሐኪሙ። በሦስት ዓመት ሁለት ወልጄ አጥብቻለሁ፤ ለካ እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። ታዲያ አሥራ አምስቱ ከየት መጣ? ሲስተር ኢቬት ዙልማን ልትጠይቅ ስትመጣ ይዤ አፋጠጥኳት። የማሽኑ ባትሪ ካለቀ ዓመት አልፎታል። ጣቴን ትወጋለች፣ መዝገቡን ትከፍታለች፣ አሥራ አምስት ብላ ትጽፋለች። አንዳንዴ እንዳይሰለች "ከሁለት" ትጨምርበታለች። እኔ ሰው እያታለልኩ የኖርኩት ራሴ እየተታለልኩ ነው። ከፈለግሽ ሳቂብኝ።

ዙልማ አሁን ነቅታለች። ደሙን አልቀበልም ብላለች። "የሚሰጡ መስለው ነው የሚወስዱት፣ አያቴንም እንዲሁ ብለዋታል" ትላለች። ሐኪሞቹ በግድ አያደርጉባትም። ለሬኔ መልእክት ልከናል፣ መልስ የለም። የምታምነው አንድ ሰው አንቺን ነው። ጻፊላት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ደም ከሚፈሳት ወላድ በጠርሙስ ደም የሚቀዳበት ሆስፒታል የለም አለኝ። "የሚቀዳው ከዘመድ ነው፣ ለእሷ እንዲሰጥ" አለኝ። ያን ቀን ከእናታችን ጋር የነበርሽው ዘመድ አንቺ ነሽ። እኔ አልጠይቅሽም። ሃያ ዓመት ያልጠየቅኩሽን ዛሬ አልጀምርም።

ፕላሲዳ


አሳፓ
ጁላይ 27 ቀን 2003

ለልጄ ለዙልማ፣
አክስትሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልሽ።

እግዚአብሔር ትንፋሽሽን ያርዝምልሽ። ሌላ ምርቃት አላበዛም።

ከአያትሽ ደም የቀዳ ሰው የለም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አያትሽ ወለደች፣ ልጁ አልኖረም፣ ደሟም አልቆም አለ። ሐኪሙ ባዶ ጠርሙስ በእጁ ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። "ታላቋ ልጅ አንቺ ነሽ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ደምሽ ከገጠመላት አንድ ጠርሙስ ሊያተርፋት ይችላል፣ ነይ።" አንቺ ሆዴ ውስጥ ሁለት ወርሽ ነበር። ማንም አያውቅም፣ አባትሽም። እርጉዝ ነኝ ብለው ትቶኝ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር፤ አጎቴ ሳንቶስ ብስክሌቱን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ማውጣት አፈርኩ። አባቴ ይሰማል ብዬ ፈራሁ። መርፌውንም ፈራሁ፣ አልዋሽሽም። "መጣሁ" አልኩትና በጓሮ በር ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ። ስመለስ ፊቷን ሸፍነዋታል።

መንደር ስገባ ሴቶቹ ከበቡኝ። "ምን አደረጓት?" አሉኝ። "ደሟን ቀዱት፣ ጠርሙሱን አይቻለሁ" አልኩ። ጠርሙሱን አይቻለሁ። ባዶ ነበር፤ ይጠብቅ የነበረው እኔን ነው።

የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እነሱ ናቸው እያወሩ ያሳደጉት፤ እኔ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ የኔ ዝምታ ግን ነቅዞ አሥራ አራት ሴት ጋ ደርሷል። ይባስ ብዬ አንቺ ጆሮ ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤያለሁ። ለአንድ ሕፃን ከነገርኩት እውነት ይሆንልኛል ብዬ መሰለኝ።

ላንቺ ስል ነው ያደረግኩት እያልኩሽ አይደለም። ለራሴ ነው። ያንቺ ዕዳ አድርገሽ እንዳትወስጂው።

ደሙን ተቀበዪ። የሚገባ ነው እንጂ የሚወጣ አይደለም። ቅዳሜ፣ ኦገስት 9፣ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለኝ ከወጣሁ ድንበሩ ላይ መልሰው አያስገቡኝም፤ ግድ የለኝም። ክንዴን ይዤልሽ እመጣለሁ። አሁን አልሸሽም።

ፕላሲዳ፣ ሌባ ብዬሽ ነበር። አንቺ ስትሸከሚ የኖርሽው የኔን ውሸት ነው፤ ጣትሽ የተበሳሳው በኔ ነው። ያንቺንም አልረሳሁልሽም፣ ልጄን እያየሽ ዝም ብለሻል፤ ግን ሌባ ብዬ ለመሳደብ የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ ለዙልማ ብቻ እንዳታነቢው። ሐሙስ እናቶቹ ሲሰበሰቡ ስሜን ጠርተሽ አንብቢላቸው።

ሳቢና


ሆኮሳኒ
ኦገስት 7 ቀን 2003

ለእትዬ ሳቢና፣

ይህን ደብዳቤ ከመሳፈርሽ በፊት እንዲያደርስልሽ ዶን ኤሌውቴሪዮን ለምኜዋለሁ። በሕይወቱ አንዴ እንኳ እንዳይዘገይ።

ዛሬ ለእናቶቹ አነበብኩት። ስጨርስ አሮጊቷ ትሪፎና ተነሳች። "ሃያ ዓመት ሙሉ ምራቶቼን መርፌ እንዳይነካቸው ስጠብቅ የኖርኩት ለዚህ ነው? ሁለቱን ቀብሬያለሁ" አለች። ሻሿን ጎትታ ወጣች። ሌሎቹ ሰደቡሽ፤ ስድቡን አልጽፍልሽም። እኔንም አልማሩኝም። መዝገቡን ከእጄ ነጠቁኝ፣ ጋዋኔን አስወለቁኝ፣ ባንዲራውን አወረዱት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ሰዎች ሲጠራ ማን እንደሚቃጠል አይነግሩሽም።

ከዚያ ግን ጤና ኬላው ሄደው ተሰለፉ። ሲስተር ኢቬት አዲስ ባትሪ አስገብታለች። ከዙልማ ሌላ አሥራ ሦስት ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ ጣታቸውን ሰጡ። ስምንቱ ደም አንሷቸዋል። ክኒናቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ አንዷ መንገድ ላይ ልትጥለው ስትል ሌላዋ እጇን ይዛ አስዋጠቻት።

ለዙልማ ያነበብኩላት እሑድ፣ ሆስፒታል ሳለን ነው። ግድግዳውን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ "የጓሮ በሩን ቦታ ድገሚልኝ" አለችኝ። ደገምኩላት።

"መጣሁ ብላ ነው የወጣችው?" አለች።

"አዎ" አልኳት።

"ለኔም እንዲሁ ነው ያለችኝ፣ አውቶቡሱ በር ላይ" አለች። ከዚያ ነርሷን ጠራች፤ ክንዷን ራሷ ዘረጋች።

ደሙን የሰጣት ከከተማው ጦር ሰፈር የመጣ አንድ ወታደር ነው፣ ዕድሜው ከእሷ ብዙም አይበልጥም። ስሟን እንኳ አልጠየቀም። የሰጡትን ዳቦ በልቶ፣ እጅጌውን ቆልፎ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ሰው ጨመረላት። ከንፈሯ ቀለም ይዟል፣ የዓይኗ ቆብ ውስጡ ቀልቷል። ይህን ጠይቀሽኝ ነበርና ጻፍኩልሽ። ሐኪሙ አሁን በሰላም ትወልዳለች ብሎኛል።

ቅዳሜ እንደምትሳፈሪ ነገርኳት። ክንድሽን ይዘሽ እንደምትመጪም ነገርኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ እንደ ድሮዬ ላሳምርልሽ አልችልም።

"እንዳትመጣ በያት" አለችኝ። "ክንዷን ለሌላ ሰው ትስጥ፣ እኔ ሰው አግኝቻለሁ።"

ፕላሲዳ